ኤ እና ቢ ወላጆች፣ ኦ ኔጌቲቭ ልጅ፦ ከኮዬ ፈጬ ለመጣ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ሁለት ሴቶች ልጆች አሉኝ። እኔም ባለቤቴም ጠይም ነን። ትንሿ ልጄ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ቀይ ናት። በቅርቡ አሟት ክሊኒክ ስንወስዳት ደሟ ኦ ኔጌቲቭ ነው ተባለ። የእኔ ኤ ፖዘቲቭ፣ የአባቷ ቢ ፖዘቲቭ ነው። አማቴ ወረቀቱን ካዩ ጀምሮ በእኛ ዘር ኦም ቀይም የለም እያሉ ነው። ባለቤቴ በአፉ ምንም አላለኝም፣ ግን ፊቱ ተለውጧል። ሌላ ሰው እንደማላውቅ እግዚአብሔር ያውቃል። ልጅ መልኳንና ደሟን ከማን ነው የምትወስደው? ወንድ አለመውለዴስ የእኔ ጥፋት ነው?»

እህቴ፣ መልሱን ላስቀድም። ኤ ፖዘቲቭ የሆነች እናትና ቢ ፖዘቲቭ የሆነ አባት ኦ ኔጌቲቭ ልጅ መውለድ ይችላሉ። ተአምር አይደለም፣ የላቦራቶሪ ስህተት ነው ማለትም የግድ አይደለም። ወረቀቱ ላይ አንቺን የሚያሳማ አንዲት ፊደል የለችም። ይህችን አንቀጽ ዛሬ ማታ ለባለቤትሽ አንብቢለት። የቀረውን ከዚያ በኋላ አብራችሁ ታዩታላችሁ።

እኔ የሕክምና ላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። የምሠራውም እንዳንቺው ከከተማው ዳር፣ ወደ ቱሉ ዲምቱ በኩል ባለ ክሊኒክ ነው። የደም ዓይነት ወረቀት ይዘው በር ላይ የሚቆዙ ጥንዶች አያለሁ። በጣም ያሳዝነኛል። የደም ዓይነት ምርመራ የተሠራው ሰው ደም ሲያስፈልገው የሚስማማውን እንዲያገኝ ነው። ሚስት የምትፈተንበት ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ነገሩ እንግባ። ልጅሽ ከማን ወሰደች? ከሁለታችሁም፣ እኩል። በሰው ሴል ውስጥ 46 ክሮሞዞም፣ ማለትም ውርስን የተሸከሙ ቀጫጭን ክሮች፣ አለ፤ 23ቱ ከእናት፣ 23ቱ ከአባት የመጡ ናቸው። በነዚህ ላይ ወደ 20,000 የሚጠጉ፣ የሰውነታችንን ፕሮቲን የሚያሠሩ ጂኖች ተሰድረዋል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ነገር ማለት ይቻላል ሁለት ሁለት ጂን አለን፤ አንዱ የእናት፣ አንዱ የአባት። አንቺም ሁለት አለሽ፣ ባለቤትሽም ሁለት አለው። ለልጅ ስታስተላልፉ ግን እያንዳንዳችሁ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ነው የምትሰጡት። የትኛውን እንደምትሰጡ የሚመርጥ የለም፤ በዕጣ ነው።

ብዙ ሰው የእናትና የአባት መልክ ተዋህዶ መሃል ላይ ያለው ይወጣል ብሎ ያስባል። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። ገብስና ሽምብራ የተቀላቀለበት ቆሎ አስቢ። ጭብጥ አድርገሽ ብታነሺው ገብሱ ገብስ ነው፣ ሽምብራውም ሽምብራ ነው። ጂንም ከአያት ወደ እናት፣ ከእናት ወደ ልጅ ሲያልፍ አይሟሟም። በአንዱ ትውልድ ሳይታይ የቀረው በሚቀጥለው ብቅ ይላል። ይህን መጀመሪያ ያስተዋለው ጎርጎር ሜንዴል የሚባል መነኩሴ ነው። ዛሬ ቼክ በምትባለው አገር፣ ብርኖ ከተማ ባለ ገዳም ውስጥ አተር እየዘራ ለዓመታት ቆጠረ። ሥራውን እ.ኤ.አ. በ1866 አሳተመ። ዓለም ልብ ያለው ግን እሱ ከሞተ በኋላ፣ በ1900 ነው። የሜንዴል አተር ዋና ትምህርት ይህ ነበር፦ ሁለት ቢጫ አተሮች አረንጓዴ አተር ሊወልዱ ይችላሉ፤ አረንጓዴው በሁለቱም ውስጥ ተደብቆ ከነበረ።

ኦም እንደዚያ አረንጓዴ አተር ተደብቆ የሚጓዝ ነው።

ክሊኒኩ ውስጥ ምን እንደሚሠራ ላሳይሽ። ነጭ ሰሌዳ ላይ ሦስት ጠብታ ደም እናስቀምጣለን። አንደኛው ላይ ሰማያዊ ፈሳሽ እንጨምራለን፤ አንቲ-ኤ ይባላል። ሁለተኛው ላይ ቢጫውን፣ አንቲ-ቢን። ሦስተኛው ላይ ቀለም የሌለውን፣ አንቲ-ዲን፤ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭን የሚለየው ይህ ነው። በስንጥር እናዋህድና ሰሌዳውን በእጃችን ወዲህ ወዲያ እናደርገዋለን። ትንሽ ቆይቶ ደሙ በአንዱ ላይ አሸዋ የመሰለ ፍርፍር ይሠራል፣ በሌላው ላይ ለስላሳ ሆኖ ይቀራል። የአንቺ ደም ሰማያዊው ላይና ቀለም የሌለው ላይ ተቋጥሯል፤ ስለዚህ ኤ ፖዘቲቭ ተጻፈ። የባለቤትሽ ቢጫውና ቀለም የሌለው ላይ ተቋጠረ፤ ቢ ፖዘቲቭ። የልጅሽ በሦስቱም ላይ ዝም አለ። ኦ ኔጌቲቭ ማለት እንግዲህ ይህ ነው፦ ኤ የለም፣ ቢ የለም፣ ዲ የለም።

እዚህ ላይ ቆም በዪ፣ ቁልፉ ያለው እዚህ ነው። ይህ ምርመራ የሚያየው በቀይ የደም ሴል ገጽ ላይ ያለውን ብቻ ነው። ውስጥ ያለውን ጂን አያይም። ከእናቷም ከአባቷም ኤ የወሰደች ሴት ደሟ ይቋጠራል። ከአንዱ ኤ፣ ከሌላው ኦ የወሰደች ሴትም ደሟ እኩል ይቋጠራል። ሁለቱም ወረቀት ላይ «ኤ» ይባላሉ። ኦው ግን ተደብቆ አለ። ኦ የተለየ ደም አይደለም፤ በአብዛኛው ኤን የሚሠራው ጂን ውስጥ አንዲት ፊደል ጎድላ ሥራውን ሲያቆም የሚፈጠር ነው። ሌላኛው ጂን ኤ ወይም ቢ እየሠራ ከሆነ የኦ ዝምታ አይታወቅም።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። አንቺ የያዝሽው ኤ እና ኦ ነው እንበል፣ ባለቤትሽ ቢ እና ኦ። አንቺ ኤ ሰጥተሽ እሱ ቢ ከሰጠ ልጅ ኤቢ ይሆናል። አንቺ ኤ፣ እሱ ኦ ከሰጣችሁ ልጅ ኤ ነው። አንቺ ኦ፣ እሱ ቢ ከሰጣችሁ ልጅ ቢ ነው። ሁለታችሁም ኦ ከሰጣችሁ ልጅ ኦ ነው። አራት መንገድ፣ እኩል ዕድል። ከእናንተ ዓይነት ጥንድ አራቱም የደም ዓይነት ሊወለድ ይችላል ማለት ነው። ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ካርል ላንድስታይነር የደም ዓይነቶችን ቪየና ላይ ያገኛቸው እ.ኤ.አ. በ1901 ነው። ጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ ፌሊክስ በርንስታይን ደግሞ በ1924 እንዴት እንደሚወረሱ በሒሳብ አሳየ። መቶ ዓመት ያለፈው እውቀት ነው።

ኔጌቲቩም በዚሁ መንገድ ይመጣል። ፖዘቲቭ የሆነ ሰው ሁለት ፖዘቲቭ ጂን ሊኖረው ይችላል፣ ወይም አንድ ፖዘቲቭና አንድ የተደበቀ ኔጌቲቭ። ሁለታችሁም የተደበቀ ካላችሁ ከአራት ልጅ የአንዱ ዕድል ኔጌቲቭ መሆን ነው። የኤና የቢ ጂን የሚገኘው ክሮሞዞም 9 ላይ ነው፣ የዲ ጂን ክሮሞዞም 1 ላይ። አንዱ ዕጣ ሌላውን አይነካም። ስለዚህ ከእናንተ ኦም ኔጌቲቭም የሆነ ልጅ የመወለድ ዕድሉ ሩብ ሲባዛ በሩብ፣ ከ16 አንድ ነው። ትንሽ መሰለሽ? አራት ልጅ ወልዳ አራቱም ወንድ የሆኑላት እናት ብሎክሽ ውስጥ አትጠፋም። የእሷም ዕድል ከ16 አንድ ነበር። ማንም ግን ምን ሆነሽ ብሎ አልጠረጠራትም።

አማትሽ «በእኛ ዘር ኦ የለም» ማለታቸውን በክብር ልመልስ። በአገራችን ኦ በጣም የተለመደ የደም ዓይነት ነው። ባለቤትሽ የተደበቀውን ኦ ያገኘው ከእናቱ ወይም ከአባቱ ነው፤ እነሱ ደግሞ ከእነሱ ወላጆች። ያ ሁሉ ዘመድ ተመርምሮ ያውቃል? ብዙ ሰው የደም ዓይነቱን የሚናገረው መታወቂያው ወይም የመሥሪያ ቤት ባጁ ላይ የተጻፈውን አይቶ ነው። ያ ደግሞ አንዳንዴ ሰውየው በቃል የተናገረው ነው። ከአንቺ ወላጆች አንዳቸው ኦ ከሆኑ ኦ መያዝሽ ያለቀ ነገር ነው፤ በባለቤትሽም በኩል እንዲሁ። ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ ከዚያ ጀምሩ።

ለነገሩ የደም ዓይነት በእርግጥ ጥያቄ የሚያስነሳበት ጊዜ አለ። ሁለቱም ወላጆች ኦ ሆነው ልጅ ኤቢ ከሆነ፣ ወይም አንዱ ወላጅ ኤቢ ሆኖ ልጅ ኦ ከሆነ፣ ምርመራውን እንደግማለን። ያኔም ቢሆን መጀመሪያ የምንጠረጥረው ሰው ሳይሆን ሥራችንን ነው። ስም ተቀያይሮ ይሆናል፣ የመመርመሪያው ፈሳሽ ጊዜው አልፎበት ይሆናል፣ ሰሌዳው ላይ ያለው ደም ደርቆ ተነቦ ይሆናል። ከዚያ አልፎም ብርቅዬ ውርሶች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1952 ቦምቤይ ላይ የተገኘው የደም ዓይነት ለምሳሌ ኤ ወይም ቢ ጂን እያለ ደሙን ኦ አስመስሎ ያሳያል። የእናንተ ግን ከዚህ ሁሉ አንዱም አይደለም። ተራ የውርስ ሒሳብ ነው።

ወደ ቀለሟ ልምጣ። ደም በጥቂት ጂን ይወሰናል፣ የቆዳ ቀለም ግን በብዙ። እያንዳንዱ ትንሽ ያቀላል ወይም ትንሽ ያጠቁራል። አንቺ ጠይም ስለሆንሽ ያሉሽ ሁሉ የጠይም ጂን ናቸው ማለት አይደለም። የሚያቀሉም የሚያጠቁሩም ተደባልቀው አሉሽ፤ ድምራቸው ጠይም አደረገሽ። ባለቤትሽም እንደዚያው። ትንሿ ልጅሽ ከሁለታችሁም የሚያቀሉት በዛ ብለው ደረሷት። ለታላቋ ሌላ ዕጣ ወጣ። ሦስተኛ ብትወልጂ ደግሞ ከሁለቱም ሊጠቁር ይችላል።

በዚህ ጉዳይ አገራችን የተካተተችበት ትልቅ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ2017 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ ወጥቷል። ከኢትዮጵያ፣ ከታንዛኒያና ከቦትስዋና የመጡ ሰዎች ቀለም ፀሐይ በማይነካው የክንድ ውስጠኛ ክፍል ላይ በመሣሪያ ተለካ፣ ጂናቸውም ተመረመረ። ቆዳን የሚያቀሉትም የሚያጠቁሩትም ብዙዎቹ የጂን ዓይነቶች አፍሪካ ውስጥ ከመቶ ሺዎች ዓመታት ጀምሮ አብረው እንደኖሩ ታየ። ኤስኤልሲ24ኤ5 የሚባል ጂን አለ፤ ቆዳን የሚያቀላው ዓይነቱ በኢትዮጵያ ውስጥ በብዛት ይገኛል። ጠይም የሆነ ሰው አንድ ቅጂ ይዞ ሳያውቀው ሊኖር ይችላል። አንድ እናትና አባት የወለዷቸው ወንድማማቾች አንዱ ቀይ፣ አንዱ ጠይም፣ አንዱ ጥቁር የሆኑበት ቤት ስንት አለ? የቀይ ልጅ እናት ተለይታ የምትጠየቅበት ምክንያት አይገባኝም።

የሁለት ዓመት ልጅ መልክ ደግሞ ገና አልረጋም። ሕፃናት ሲወለዱ ቀላ ይላሉ፣ በኋላ ይጠይማሉ። ፀሐይ ላይ መሮጥ ስትጀምር የዛሬው ቀለሟ ላይቆይ ይችላል። ባይለወጥም ምንም ማለት አይደለም።

ጆሮና አፍንጫ እያነጻጸሩ ዘር መለየትንም ተዉት። ትምህርት ቤት ሳለን ምላስ መጠቅለል በአንድ ጂን የሚወረስ ነው ተብለን ነበር፣ የጆሮ ጫፍም እንዲሁ። ልክ አይደለም። ከአንድ እንቁላል የተገኙ መንትዮች አንዱ ምላሱን ሲጠቀልል ሌላው አቅቶት ተገኝቷል። ቁመትን ያየን እንደሆነ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ፣ ከ5 ሚሊዮን በላይ ሰው የተካተተበት ጥናት ከቁመት ጋር የተያያዙ ከ12,000 በላይ የዲኤንኤ ቦታዎችን ቆጥሯል። «ቁርጥ አባቷን» ስንል ደስ ይለናል፣ ይበለንም። ቁርጥ አባቷን ካልሆነች ግን የአባቷ አይደለችም ማለት አይቻልም። ሁለት ሰዎች ካሏቸው ክሮሞዞሞች ሊወጣ የሚችለው ድብልቅ ከ70 ትሪሊዮን በላይ ነው። ይህም ክሮሞዞሞቹ እርስ በርሳቸው የሚለዋወጡትን ቁራጭ ሳንቆጥር ነው።

ወንድ ስላለመውለድሽ አጭር መልስ አለ፦ ጥፋት የለም፣ በዕጣው በኩል ከታየም የሚወስነው የአባት ዘር ነው። አንቺ ያለሽ ኤክስ እና ኤክስ ስለሆነ የምትሰጪው ሁልጊዜ ኤክስ ነው። ባለቤትሽ ኤክስ ከሰጠ ሴት፣ ዋይ ከሰጠ ወንድ ይወለዳል። እሱም መርጦ አይሰጥም። ሁለት ሴት ተወልደዋልና ሦስተኛው ወንድ ይሆናል የሚል ነገርም የለም፤ ዕድሉ እንደገና ግማሽ በግማሽ ነው።

ይቺን ኤክስ ካነሳን አንድ ነገር ልጨምር፤ ለአማትሽ ብትነግሪያቸው ደስ ይለኛል። ባለቤትሽ ያለው አንድ ኤክስ ብቻ ነው። እሱንም ያገኘው ከእናቱ ነው፣ ከአባቱ ዋይ ስለወሰደ። ሴት ልጅ ሲወልድ ያንኑ ኤክስ እንዳለ ማለት ይቻላል ያሳልፋታል። ስለዚህ የሁለቱም ልጆችሽ አንዱ ኤክስ የአማትሽ ነው። ወንድ የልጅ ልጅ ቢኖራቸው ይህን ከልጃቸው በኩል አያገኝም ነበር። አማትሽ ለእነዚህ ሴቶች ልጆች በዚህ በኩል ከማንም የቀረቡ አያት ናቸው።

የተደበቀ ነገር ትውልድ ተሻግሮ መውጣቱን አባቶቻችን በራሳቸው መንገድ ያውቁታል። ሰባት ቤት ቆጥረው የሚያጋቡን ለዝምድና ክብር ብቻ ሊሆን ይችላል፣ በጂን ዓይን ሲታይ ግን ትልቅ ጥቅም አለው። የአጎትና የአክስት ልጆች ከጂናቸው አንድ ስምንተኛውን ይጋራሉ። እነሱ ሲጋቡ በሁለቱም ውስጥ የተደበቀ አንድ ዓይነት የበሽታ ጂን የመገጣጠም ዕድሉ ይጨምራል። ኦ መገጣጠሙ ምንም ጉዳት የለውም። ሌሎች የሚገጣጠሙ ነገሮች ግን ልጅ ሊጎዱ ይችላሉ። ሰባት ቤት የራቀ ሰው ላይ ይህ ስጋት በጣም ይቀንሳል።

ባለቤትሽ ይህን ሁሉ ሰምቶ አሁንም ልቡ ካልረጋ፣ አባትነትን በእርግጠኝነት የሚያሳየው የዲኤንኤ ምርመራ ብቻ ነው። እዚያ ላይ አብዛኛውን ጊዜ 15 እና ከዚያ በላይ የዲኤንኤ ቦታዎች ከልጅና ከወላጅ ጋር ይተያያሉ። እኔ በዚህ ወረቀት ምክንያት ሂዱ አልልም፤ የሚያስጠረጥር ነገር የለውምና። ውሳኔው ግን የሁለታችሁ እንጂ የጎረቤት አይደለም። ሕጉም ቢሆን ከአንቺ ጋር ነው፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በጋብቻ ውስጥ የተወለደ ልጅ አባት ባልየው ነው ይላል።

አሁን በጣም አስፈላጊ ወደሆነው ልምጣ፤ በዚህ ሁሉ ወሬ መሃል ማንም ያላነሳው ነገር ነው። ልጅሽ ኔጌቲቭ ናት። ይህ ለእሷ ጤና ትልቅ ትርጉም አለው።

ሾተላይ የሚባለውን ታውቂያለሽ። ድሮ ልጅ በልጅ ላይ የሚሞትባት እናት ሾተላይ ናት ይባል ነበር፤ ብዙ ሴቶችም በዚህ ስም ተገፍተዋል። ዛሬ አብዛኛውን ጊዜ ይህን ስም የምንሰጠው ነገር ምክንያቱ ይታወቃል። እናት ኔጌቲቭ ሆና ፅንሱ ከአባቱ ፖዘቲቭ ሲወስድ፣ በተለይ በወሊድ ጊዜ የልጁ ደም ወደ እናት ይገባል። የእናት ሰውነት እንግዳ ነገር መጣ ብሎ ፖዘቲቭ ደምን የሚያጠቃ አንቲቦዲ ያዘጋጃል። የመጀመሪያው ልጅ ብዙውን ጊዜ ያመልጣል። ቀጣዩ ፖዘቲቭ ፅንስ ግን ይጠቃል። መከላከያው አንቲ-ዲ የሚባል መርፌ ነው። በ28ኛው የእርግዝና ሳምንት አካባቢ፣ ደግሞም ፖዘቲቭ ልጅ ከተወለደ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ይሰጣል። ፅንስ ሲወርድም ሐኪም ሊያስበው ይገባል። አንቺ ራስሽ ፖዘቲቭ ስለሆንሽ ይህ አያሰጋሽም። ልጅሽ ግን አድጋ ስታረግዝ ከመጀመሪያው ክትትል ጀምሮ ኔጌቲቭ መሆኗን መናገር አለባት።

ከዚያ በፊትም ቢሆን ደም የሚያስፈልጋት ነገር ቢገጥማት የሚሰጣት ኦ ኔጌቲቭ ነው። ፖዘቲቭ ደም ለሴት ልጅ ከተሰጠ ያው አንቲቦዲ ሊፈጠርባትና ለወደፊት እርግዝናዋ ሊተርፍ ይችላል። ኔጌቲቭ ሰው በአገራችን ጥቂት ነው፤ ከ100 ሰው 10 አይሞላም። ስለዚህ ሲፈለግ ቶሎ አይገኝም። ከሁለታችሁም ወገን ማን ኔጌቲቭ እንደሆነ ከአሁኑ ማወቁ ይጠቅማታል።

ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። ልጅቷ ከሕመሟ ስታገግም የደም ዓይነቷን ሌላ ጥሩ ላቦራቶሪ ወስደሽ አስደግሚ፤ ኔጌቲቭ ከተባለ በቲዩብ እንዲያረጋግጡልሽ ንገሪያቸው። ደካማ ዲ የሚባል ነገር አለ፤ ሰሌዳ ላይ ኔጌቲቭ መስሎ ሊያልፍ ይችላል። አንቺም፣ ባለቤትሽም፣ ታላቋም በዚያው ቀን ተመርመሩ። አማትሽ ፈቃደኛ ከሆኑ እሳቸውንም ይዘሻቸው ሂጂ፤ ለልጅ ልጃቸው ደም የሚሆን ሰው ስንፈልግ ነው በያቸው። ውጤቱ ሲመጣ የትንሿን ወረቀት ከክትባት ካርዷ ጋር አስቀምጪው፣ በስልክሽም ፎቶ አንሺው። ትምህርት ቤት ስትገባ ለመምህሯ፣ ሐኪም ዘንድ ስትሄድ ለሐኪሟ «ኦ ኔጌቲቭ ናት» ብለሽ ንገሪ።